የእትዬ ፕሮግራም ቅዳሜዎች

ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሲያዩ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ሰዎች አሉ። ክፉዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ፤ በር ይዘጋባቸዋል፣ ሰላምታ ይነፈጋቸዋል፣ ሲብስም ይከሰሳሉ። የእነዚህኞቹ መከራ ደግነታቸው ነው። እግርህን ሰቅለህ በተቀመጥክበት መጥተው የሚቀሰቅሱህ ለበጎ ሥራ ስለሆነ፣ እምቢ ብትል ክፉው አንተ ትሆናለህ።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አንድ የማተሚያ ቤት አራሚ በሚኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ክብርት እትዬ ፕሮግራም። ስሙን ያወጣላቸው ምድር ቤት ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። ሲያወጣው ለሐሜት ነበር፤ እሳቸው ግን ሲሰሙት እንደ ማዕረግ ተቀበሉትና ደብዳቤ አዳዩ ሳይቀር በዚያው ይጠራቸው ጀመር።

እትዬ ፕሮግራም ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሥራቸው የሰው ስም መጥራትና ስሙ የተጠራውን ሰው ወደሚገባበት በር መላክ ነበር። ጡረታ የወጡት ታዲያ ከደመወዙ እንጂ ከመጥራቱ አይደለም። ቁመታቸው ከደረጃው መደገፊያ ብዙም አያልፍም፤ ድምፃቸው ግን ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ ምድር ቤት ሲደርስ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ በሽተኛ ሳይቀር ተራዬ ደረሰ ብሎ ይነሣል ይባላል።

ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ይቻላሉ። ችግሩ ሰማዩ ሲጠራና የመንገድ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ ሲጀምሩ ነው። መጸው ገባ ማለት በከተማውና በዙሪያው ያለው ማኅበር፣ ክለብና ክሊኒክ ሁሉ የሆነ ነገር ያዘጋጃል ማለት ነው። የአበባ ኤግዚቢሽን አለ። በክር ተይዞ አየር ላይ የሚንሳፈፍ የወረቀት ካይት ፌስቲቫል አለ። ለዐይን ክሊኒክ የእግር ጉዞ፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የአሮጌ መጻሕፍት ባዛር፣ የደም ልገሳ፣ የብርድ ልብስ ማሰባሰቢያ፣ የማርሽ ባንድ ውድድር፣ የጥንት ብስክሌቶች ሰልፍ። ጤነኛ ሰው ከእነዚህ አንዱን መርጦ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ተዝናንቶ ይመለሳል። እትዬ ፕሮግራም መምረጥ የሚባል ነገር አያውቁም።

የወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ከፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ ትልቅ ወረቀት ይለጥፋሉ። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ነው፤ በግራ ቀኑ፣ መሐል ዝግጅቱ፣ በቀኝ የተሳታፊዎች ስም። የተሳታፊዎቹ ጉዳት እዚያ ላይ ነበር፤ መሳተፋቸውን የሚያውቁት ወረቀቱን ሲያነቡ ነው። የሚናደድ ሰው ደረጃ ወጥቶ ማን ፈቀደልዎት ብሎ ሲጠይቃቸው፣ በርኅራኄ ዐይን ዐይኑን እያዩት፦

"ስምህ ገብቷል እኮ፤" ይላሉ።

ማን አስገባው ለሚለው መልስ የላቸውም። በሠላሳ አንድ ዓመት ልምዳቸው፣ ስም ከገባ ገባ ነው፤ የሚቀረው ሰውየው በሰዓቱ መገኘቱ ነው።

አራሚው እዚህ ሕንፃ ውስጥ የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ስሕተት ሲያነብ ይውላል። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ የሠርግ ካርድ፣ ያጋጠመው ሁሉ። ክብደቱ መቶ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ከተቀመጠ መነሣት አይወድም። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ስለሆነች ቅዳሜ ከጧት እስከ ማታ ከሰው ራስ ላይ አትወርድም። ስለዚህ ቅዳሜ ቤቱ የእሱ ነው። መስኮቱ ሥር ያለች ወንበር፣ ለእግሩ አንዲት ዱካ፣ ዝቅ ብሎ የተከፈተ ራዲዮ። ከዚህ በላይ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ያጠፋው አንድ ቃል ነው። በገባ በሳምንቱ ደረጃ ላይ ያገኙት እትዬ ፕሮግራም ስለ ጤናው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሥራው ከጠየቁት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። አራሚው የዋህ ሆኖ፣ ምንም፣ ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ ዐይናቸው ሲበራ አይቷል። ያ ብርሃን ምን ማለት እንደሆነ የገባው ግን ቅዳሜ ጧት በአንድ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ነው።

መጀመሪያ የእግር ጉዞው መጣ። አምስት ኪሎ ሜትር ነበር፣ ለዐይን ክሊኒኩ። የተሰጠው ቲሸርት ከእምብርቱ በላይ ነው የሚቀረው፤ የቀረውን በሹራብ ሸፈነው። መንታ ልጆች በጋሪ የምትገፋ ሴት ቀደመችው። ቀጥሎ ያቺው ሴት ለልጆቹ ወተት ልታጠጣ አንድ ጥግ ቁጭ አለችና ደረሰባት፤ አጠጥታ ስትነሣ ዳግመኛ ቀደመችው። መድረሻው ላይ ከገባ በኋላ የመድረሻውን ገመድ ጠቅልለው ጫኑት። እትዬ ፕሮግራም ስሙ ላይ ምልክት አድርገው፣ ፊቱ ደም ደም እንደ መሰለና ይህም የጤና ምልክት እንደሆነ ነገሩት።

ቀጥሎ የአበባ ኤግዚቢሽኑ። ሁለት አውቶቡስ ተቀያይረው ሲደርሱ፣ እትዬ ፕሮግራም አንድ የጽጌረዳ ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ አዩ። አበባውን ያመጣውን ሰው ጠርተው ገሠጹና አራሚውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ ይኸው ባለሙያ አምጥቼልሃለሁ አሉት። አራሚው ለመዝናናት በሄደበት ዘጠና ሦስት የአበባ ስም አርሞ፣ ዘጠና ሦስቱንም በእጁ ገልብጦ ጽፎ ተመለሰ። የዚያን ቀን ያየው ወረቀት እንጂ አበባ አልነበረም።

በካይት ፌስቲቫሉ የማያውቀው ሰው ለአንድ ደቂቃ ያዝልኝ ብሎ የሰጠውን ክር ይዞ ሁለት ሰዓት ቆመ፤ ሰውየው አልተመለሰም። በአሮጌ መጻሕፍት ባዛሩ የሰጣቸው መጻሕፍት መካከል ሚስቱ ሳታውቅ የጨመረችው የራሱ ምርጥ መዝገበ ቃላት ተገኘ፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ከእጁ ነጥቀው ሊወስዱበት ሲሉ ለማስመለስ ብዙ ልመና ፈጀ። በደም ልገሳው ቀን ደግሞ ደሙን በሰላም ሰጥቶ ከተነሣ በኋላ፣ ብስኩት የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ወደቀ። እትዬ ፕሮግራም ራስጌው ተንበርክከው፣ በዙሪያው ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ደም ልገሳ ጥቅም ሲያስረዱ ነው የነቃው። ከቆሙት ውስጥ አራት ሰው አስመዝግበዋል።

አራሚው ዝም ብሎ አልተገዛም። አንድ ቅዳሜ አሞኛል አለ፤ ቴርሞሜትር ይዘው መጡ። ሌላ ቅዳሜ ራዲዮውን አጥፍቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። እሳቸው ግን በበሩ ቀዳዳ፣ ጫማህ ደጃፍ ላይ ነው የኔ ጌታ፣ አሉት በለሆሳስ። ለሚስቱ ሲያመለክትም ፍትሕ አላገኘም። የሱሪውንና የቲሸርቱን ቁጥር ለእትዬ ፕሮግራም አሳልፋ የምትሰጠው እሷ መሆኗን የደረሰበት በሁለተኛው ዓመት ነው። ስትጠየቅም አልካደችም፤ ቅዳሜ ማታ ስገባ የምታወራው ነገር አለህ፣ ድሮ ግን ግድግዳ ነበርክ፣ አለችው። እሱም ሄዶ ራዲዮውን ከፈተ።

በዚህ ዓመት በመጸው መገባደጃ የመጣው ዝግጅት ከወትሮው ሁሉ ይብስ ነበር። በከተማው ትልቁ መናፈሻ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሙሉ ቀን የሚውል ፌስቲቫል ተሰናዳ። ድንኳን፣ ባንድ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገመድ ጉተታ ውድድር። አንድ የማሞቂያ ፋብሪካ፣ ያሸነፈው ቡድን ለመረጠው የሆስፒታል ክፍል ከብርዱ በፊት ማሞቂያ አስገባለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። እትዬ ፕሮግራም ክፍሉን ወዲያው መረጡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠሩበት ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ያለው የሕፃናት ክፍል ነው። እዚያ ብርድ ሲሆን እናቶች ልጆቻቸውን በካፖርታቸው ውስጥ ከተው ሲያድሩ ዐይተዋል። ይህን ለአራሚው ሲነግሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ስለዚህ እምቢ ለማለት ያዘጋጀውን አራት ዐረፍተ ነገር ትቶ እሺ አለ።

ለቡድኑ ስምንት ሰው ያስፈልጋል። ከሕንፃው ስድስት ተገኘ፤ ከፊት የጥርስ ሐኪሙ፣ ከኋላው ባሏ የሞተባት የአራተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ ሌሎችም። ኋለኛው ጫፍ ግን ከባድ ሰው ይፈልጋል። አራሚው ሰባተኛው እንዲሆን ተወሰነ። ስምንተኛውን፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የሚቆመውን፣ ከውጭ አግኝቻለሁ አሉ እትዬ ፕሮግራም። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ቅዳሜ ጧት አራሚው መናፈሻው ሲደርስ ያ ስምንተኛ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ገመዱን ወገቡ ላይ ያጠብቅ ነበር። አራሚው ቆመ። ጀርባውን ያውቀዋል። ልጆች ሳሉ በአንድ አልጋ ሲተኙ ብርድ ልብሱን እየጠቀለለ ይዞበት የሚዞረው ጀርባ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ነበር። ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ታናሽየው ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ እጁ የሚመሰገን ባለሙያ። አባታቸው ሲሞቱ የመቃብሩን ድንጋይ ለማንም አልሰጥም ብሎ አራት ሳምንት ራሱ ጠረበው። ድንጋዩ የተተከለ ዕለት ዘመድ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሁሉም እያየ አለቀሰ፣ አደነቀ። አራሚው ግን ማንበብ ሥራው ነውና አነበበ። "ከድካሙ አረፈ" ይላል። እንባው ሳይደርቅ፣ ይህ በዐይኑ ዐ ነው መጻፍ ያለበት፣ በአልፋው አ አይደለም፣ አለ። ቀስ ብሎ ያለ መስሎት ነበር፤ የሰማው ግን ብዙ ነው። አንድ አጎት ሳቀ። ታናሽየው በኪሱ የነበረችውን ትንሽ መዶሻ አውጥቶ መቃብሩ ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። አራሚው ከዚያ ወዲህ ወደ መቃብሩም ወደ ወንድሙም አልሄደም። መጀመሪያ ትክክል ስለነበርኩ ይቅርታ አልጠይቅም አለ፤ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ።

አሁን ታናሽየው ዞር ብሎ አየው። ፊቱ ላይ የተነበበው የአራሚው ፊት ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ማምለጫ ፍለጋ። አራሚው ወደ እትዬ ፕሮግራም ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ገመድ መቆም እንደማይችል ነገራቸው። እሳቸው ወረቀታቸው ላይ እያዩ፦

"እጁን ያመዋል?" አሉ።

"አያመውም።"

"አንተንስ?"

"እኔንም አያመኝም፣ ግን—"

"እንግዲያው ያዝ።"

ያዘ። ሌላ ምን ያደርጋል፤ ስድስት ጎረቤት ይዞ እየጠበቀ ነው። ከኋላው የወንድሙ ትንፋሽ ማጅራቱን ይነካዋል። ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱም በልባቸው ያለው አንድ ነገር ነበር፤ ቀድሞ የሚንሸራተተው እኔ አልሆንም። አራሚው ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀበረ። ታናሽየው ወደ ኋላ ተኛ። ተጋጣሚያቸው የፖስታ ቤት ሠራተኞች ቡድን ምን እንደ ነካው ሳያውቅ በአፍጢሙ ተደፋ።

በሁለተኛው ዙር የመጡት የጭነት ሠራተኞች ነበሩ፤ ቁና የሚያክል ትከሻ ያላቸው። ሕዝቡ ለእነ ጥርስ ሐኪሙ እያዘነ ሳቀ። ነገር ግን የሰባት ዓመት ኩርፊያ ቀላል ጉልበት አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ ለአንዱ ላለመበለጥ ሲሉ የጭነት ሠራተኞቹን እየጎተቱ መስመሩን አሻገሯቸው። ልብስ ሰፊዋ ዘላ የጥርስ ሐኪሙን አቀፈችው፤ ሐኪሙ መነጽሩ ወድቆበት ማን እንዳቀፈው አላወቀም። እትዬ ፕሮግራም ስም እየጠሩ ለሁሉም ውኃ አደሉ። ወንድማማቾቹ ውኃቸውን ጀርባ ለጀርባ ቆመው ጠጡ።

መጨረሻ ላይ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ቀሩ። ከጧት እስከ ማታ ሊጥ የሚያሹ ክንዶች ናቸው። ፊሽካው ተነፋ፤ ገመዱ እንደ ብረት ተወጠረ፤ መሐሉ ላይ የታሰረችው ቀይ ጨርቅ ወዲያም ወዲህም ሳትል ቆመች። ባንዱ ሳይቀር ዝም አለ። የሚሰማው የእትዬ ፕሮግራም ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከፊት ጀምረው ስም በስም እየጠሩ ያበረታሉ። ስንት ጊዜ እንደ ቆዩ እንጃ። አራሚው ተረከዙን ዳግም ቀበረ። ያን ጊዜ ከኋላው፣ በጥርስ መካከል፣ ወንድሙ ተናገረ።

"ድንጋዩን ቀይሬዋለሁ።"

አራሚው የሰማ አልመሰለውም። "የቱን ድንጋይ?"

"የአባባን። በዓመቱ ቀየርኩት። አሁን በዐይኑ ዐ ነው።"

ቀይዋ ጨርቅ አንድ ጣት ያህል ወደ እነሱ መጣች። ሕዝቡ ጮኸ። አራሚው ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ከሦስት ዓመት በፊት የእናታቸውን መሳቢያ ሲያራግፍ የአባቱን ደብዳቤዎች አግኝቶ ነበር። ተቀምጦ አነበባቸው፤ እያንዳንዳቸውን። አባትየው ስለ ዕረፍት በጻፉበት ሁሉ፣ አረፍኩ ባሉበት ሁሉ፣ አንድም ቦታ በዐይኑ ዐ አልጻፉም። በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ሁሉም በአልፋው ነበር። ታናሽየው ድንጋዩ ላይ የጻፈው የአባቱን አጻጻፍ ነው። ለሰው ሁሉ ስሕተት ማረሚያ የሚያወጣው ሰው ይህን ካወቀ በኋላ ደብዳቤዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ሦስት ዓመት ዝም አለ።

እንዲህ ያለውን ነገር ጀርባ ሰጥቶ መናገር አይቻልም። አራሚው ዞረ። ለመዞር ደግሞ ገመዱን መልቀቅ ነበረበት።

"አባባ ራሱ በአልፋው ነበር የሚጽፈው፤" አለው። "ደብዳቤዎቹ እኔ ጋ አሉ። አንተ ነበርክ ትክክል።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያየው በየፊናው ነው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ በጀርባቸው ተዘረሩ። የጥርስ ሐኪሙና አምስቱ ጎረቤቶች እንደ ተቆረጠ ዶቃ ወደ ፊት ተበተኑ። ገመዱ ወገቡ ላይ የነበረው ታናሽየው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ተጎተተ፤ አራሚው ሊያስቀረው እግሩን ቢይዝ እሱም አብሮ ተጎተተ። መስመሩን ያለፉት ተያይዘው ነው።

ከመስመሩ ማዶ ሣሩ ላይ እንደ ወደቁ ቀሩ። ታናሽየው ሰማይ ሰማይ እያየ ቆይቶ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በማይለይ ድምፅ፣ አራት ሳምንት የጠረብኩትን ነቅዬ እንደገና አራት ሳምንት ጠረብኩ እኮ፣ አለ። አራሚው አሮጌው ድንጋይ የት እንደ ደረሰ ጠየቀው። ታናሽየው መጣል አቅቶት ፊቱን ወደ መሬት ገልብጦ ከሥራ ቦታው በር ሥር እንዳስቀመጠው፣ ሰውም እየተቀመጠበት ሻይ እንደሚጠጣ ነገረው።

"መጥቼ ልየው?" አለ አራሚው።

"ና።" ወደ ወንድሙ ዞረና ደግሞ፣ "ደብዳቤዎቹንም ይዘህ ና።"

እትዬ ፕሮግራም ደረሱባቸው። ንዴታቸው ከቁመታቸው በላይ ነበር። በኩርፊያ ሁለት ዙር ያሸነፈ ቡድን በዕርቅ መሸነፉን ግን ማን ነግሯቸው። ያዩት ሁለት ግዙፍ ሰዎች የሕፃናት ክፍሉን ማሞቂያ ጥለው ሣር ላይ ተኝተው ሲያወሩ ነው።

"ለወሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ አለላችሁ፤" አሉ።

አራሚው፣ ወንድሜ ነው፣ ሰባት ዓመት ተኳርፈን ነበር፣ አላቸው። እሳቸው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ወንድማማች መሆናቸውን ያውቁ እንደ ነበር ሲጠይቃቸው ወረቀታቸውን አጠፉ።

"ፊታችሁን መቼ አየሁ፤ ክብደታችሁን ነው ያየሁት።"

ይህን ብለው ዞር አሉና በቀጥታ የማሞቂያ ፋብሪካው ተወካይ ወደ ተቀመጠበት ድንኳን ገሠገሡ። ሰውየው ለዳቦ ጋጋሪዎቹ የአሸናፊነት ወረቀት ሲያዘጋጅ ነበር። ምን እንዳሉት በቅርብ የሰማ የለም፤ የታየው ግን ከሩቅም ይታይ ነበር። መጀመሪያ ሰውየው በትሕትና አይሆንም እያለ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ እሳቸው ወንበር ሳቡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ባንዱ ስምንት ዘፈን ተጫወተ። ሕፃናቱ ሄዱ፣ ድንኳኖቹ መፍረስ ጀመሩ፣ እሳቸው አልተነሡም። በመጨረሻ ሰውየው ኪሱን ዳሰሰ፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ ፈረመ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ የመረጡት የአረጋውያን ክፍልም፣ የሕፃናት ክፍሉም በዚያው ወር ማሞቂያ ገባላቸው። ሰውየው ደግሞ በሚቀጥለው መጸው በካይት ፌስቲቫሉ ላይ ስሙ ገብቷል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እትዬ ፕሮግራም የቡድኑን ድንኳን፣ ሁለት ታጣፊ ጠረጴዛና የውኃ ጀሪካን አራሚውንና ወንድሙን አሸክመው አውቶቡስ ውስጥ አስገቧቸው። ኋላ መቀመጫ ላይ መሐል ተቀመጡ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ስለሚቀጥለው ሳምንት የብርድ ልብስ ማሰባሰቢያ መናገር ጀመሩ። ዐረፍተ ነገሩ ግን አላለቀም። ከንጋት ጀምሮ የቆሙት ሴት ራሳቸው ቀስ ብሎ አራሚው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ወረቀታቸው ከጭናቸው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አራሚው ጎንበስ ብሎ አነሣው። ፖስታ ሣጥኑ አጠገብ የሚለጠፈው አልነበረም፤ ለራሳቸው የያዙት ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በእርሳስ፣ በጥቃቅን ጽሑፍ፣ አንዳንድ ነገር ተጽፏል። ከጥርስ ሐኪሙ አጠገብ፣ "ምሳውን ብቻውን ቆሞ ይበላል።" ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ፣ "እሑድ መስኮት አትከፍትም። ሰው መሐል ትቁም።" አራሚው የራሱን ስም ፈለገ። ከታች አገኘው።

"ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ይከፍታል። አያዳምጠውም። ሲዘጋ እንኳ አያውቅም።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ፣ ወንድሙ ሳያይበት፣ በእትዬ ፕሮግራም ቦርሳ ውስጥ መልሶ ከተተው።

አውቶቡሱ ሰፈራቸው ደረሰ። ታናሽየው መውረጃችሁ አይደለም ወይ ብሎ በእጁ አመለከተው። አራሚው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ቀጥሎ የታናሽየው ፌርማታ አለፈ፤ እሱም አልወረደም። የአራሚው ትከሻ ደንዝዟል፤ ገመዱ የላጠው መዳፉ ይቃጠላል፤ ነገ ከአልጋ መነሣት እንደማይችል ያውቃል። ተንፍሶ እንኳ እንዳያነቃቸው እየተጠነቀቀ ተቀመጠ።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወደ ኋላ መጣ፤ ጉዞው ማለቁን ሊነግራቸው። መሐል የተኙትን ሴትዮ አየ፣ በሁለት ወገን እንደ ግንብ ደግፈዋቸው የተቀመጡትን ሰዎች አየ።

"የት ነበር የምትወርዱት?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አብረንህ እንመለሳለን፤" አለው አራሚው። "አንተ ሻይህን ጠጥተህ ና፣ አንቸኩልም።"